ጉብታው የማን ልጅ ነው?

ድንጋይ ብቻውን ሜዳ ላይ ወድቆ ቢገኝ ማንም ስሙን አይጠይቀውም። የቸኮለ ይሰናከልበታል፣ የደከመው አረፍ ይልበታል፣ የተናደደ አንስቶ ውሻ ያባርርበታል። ተከምሮ ሲገኝ ግን ወሬ ይጀመራል። ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ፣ ሣር አብቅሎ፣ ዙሪያውን ጎድጎድ ብሎ የተገኘ እንደሆነማ አለቀ፤ አባት ይፈለግለታል። አባቱ ደግሞ ሁልጊዜ ንጉሥ ነው። «ይህን ጉብታ የከመረው አንድ ሥራ የፈታ ሰው ነው» ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በዕድሜዬ አልሰማሁም። ንጉሥ ያልሰፈረበት ጉብታ፣ ንግሥት ያልታጠበችበት ምንጭ በአገራችን ከየት ይገኛል? እነዚያ ምስኪን ነገሥታት እንዲህ ከጉብታ ጉብታ ሲዘሉ ኖረው መቼ ቁጭ ብለው እንደ ገዙ እግዜር ይወቀው።

ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ የጉብታ ዘር የሚቆጠረው በሰላሙ ጊዜ አይደለም። በሰላሙ ጊዜ ፍየል ትወጣበታለች፣ ሰካራም ይከለልበታል። ዘሩ የሚቆጠረው ዶዘር ሲመጣ ነው። ቡራዩ እህቴ ሰፈር አንድ ጉብታ ነበር። ሊደለደል ነው ሲባል ሰፈርተኛው «የጥንት ምሽግ ነው!» ብሎ ተነሣ። ቆፍረው ቢያዩት ከድንጋይ ካባ የተረፈ ኮረት ነው። ኮረቱን ያራገፈው ሾፌር ጡረታ ወጥቶ እዚያው ሰፈር ይኖራል፤ ከሁሉ አስበልጦ «ምሽግ!» እያለ ሲጮህ የነበረውም እሱ ነው። ሱሉልታም እንዲሁ ረግረጉ ዳር ክብ ሆኖ የተገኘ የአፈር ካብ ቤተ መንግሥት ተባለና አገር ተሰበሰበ፤ በኋላ ሲጣራ የከብት በረት ሆኖ ቁጭ አለ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይባላል። የሱሉልታ ሰዎች ግን ላም በዋለበት ዘውድ ሲለቅሙ ከረሙ።

እኔ ይህን ሰምቼ ሆዴን ይዤ ስስቅ ከረምኩ። ሳቄን ሳልጨርስ የኛው ጉብታ ተራ ደረሰ።

ሰፈራችን ከሰበታ ወዲህ፣ ፉሪ ጥግ ላይ ነው። ስሜ አስካለ ነው፤ ዓለም ገና መንገድ ዳር ሽንኩርትና ድንች እቸረችራለሁ። ትምህርቴን ከጠየቃችሁኝ፣ ፊደሉን ጨርሼ ቁጥሩ ላይ ስንደርስ የወጣሁ ነኝ። ጉብታው ከሰፈሩ አናት ላይ ነው። ከጉብታው ላይ ኦቦ ደበሌ ይኖራሉ፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ያረሱ፣ ጉብታው ጫፍ ላይ አውድማ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ከጉብታው ሥር ደግሞ የእህቴ ልጅ ሜሮን ቤት ሠርታለች። ጋርመንት ፋብሪካ ስትሰፋ ውላ፣ ምሳዋን እየዘለለች፣ ብሎኬት በብሎኬት ያቆመችው ቤት ነው። ባሏ ሹፌር ነው፤ አገር ለአገር ይዞራል። ቤቱ ገና ኮርኒሱ እንኳ በወጉ አልደረቀም። ሜሮን ማታ ማታ እየተነሣች ግድግዳውን በእጇ ትዳብሰው ነበር፤ እንደ ላም።

ቀያሾቹ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ይዘው መጡ። ትልቅ አስፋልት ሊያልፍ ነው አሉ። አለቃቸው ሰፈሩን ሰብስቦ ነገሩን በአጭሩ አስረዳን፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ጉብታውን ቆርጦ ያልፋል፣ ያኔ የኦቦ ደበሌ ቤትና አውድማ ይነሣል። «ነገር ግን» አለ፣ «ጉብታው የጥንት ምሽግ ነው የሚባል ነገር ስላለ፣ ባለሙያዎች መጥተው ያጣራሉ። ቅርስ ነው ካሉ መንገዱ ወደ ታች ይታጠፋል።» ወደ ታች ማለት በሜሮን ሳሎን በኩል ማለት ነው።

በቃ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሰፈሩ በሙሉ የታሪክ ሊቅ ሆነ።

ላይ ሰፈር ያለው ሁሉ ግንቡን በዓይኑ ያየ ይመስል ነበር። ኦቦ ደበሌ፣ ትናንት «ይሄ የተረገመ ቁልል በሬዬን ሰበረብኝ» ሲሉ የነበሩት ሰውዬ፣ «አያቴ ነግረውኛል፤ ንጉሡ በዚህ በኩል ነበር የሚገቡት» እያሉ በሩን በከዘራ ያሳዩ ጀመር። ታች ሰፈር ያለነው ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ አፈር ነው፣ አፈር ነበር፣ አፈር ይሆናል አልን። ታች የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆቻችንን እየሰበሰቡ ስለ ምሽጉ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። ችካሉ አጥራቸው አጠገብ ሲተከል ባዩ ማግስት «የተፈጥሮ ጉብታ ነው፤ እኔ ሁሌም ጥርጣሬ ነበረኝ» አሉ። ቤቱ መሐል ላይ የሆነ አናጢ ነበር፤ እሱ ምስኪን ቀያሹ ችካሏን በነካካ ቁጥር ሃይማኖቱን ይቀያይራል። ጠዋት ግንብ፣ ከሰዓት አፈር።

«ይሄ የዘር ነገር ነው» የሚል አይጠፋ ይሆናል። ተሳስቷል። ላይም ታችም አማርኛም ኦሮምኛም የሚናገር ነው የሚኖረው፤ እንዲያውም በአንድ አረፍተ ነገር ሁለቱንም እንናገራለን። ጠባችን የአጥር ነበር። ሰው ታሪኩን የሚያየው ከአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ነው።

ባለሙያዎቹ ሁለት ሆነው መጡ። አንደኛው ሰፊ ባርኔጣ አድርጓል፣ ሁለተኛው ወፍራም መነጽር። ስማቸውን አልያዝኩትም፤ ሁለቱም ዶክተር ናቸው። ዶክተር ባርኔጣ ከመኪናው ሳይወርድ ነው ምሽጉን ያወቀው። «ውበት ነው! ውበት!» እያለ ጉብታውን ተንደርድሮ ወጣ። «አያችሁ አቀማመጡን? ከዚህ ሆኖ አገሩ ሁሉ ይታያል። ማንም ንጉሥ ይህን ቦታ አይተውም!» እኔ በሆዴ፣ ፍየሌም እኮ ለዚሁ ነው እዚያ የምትወጣው አልኩ። ዶክተር መነጽር ደግሞ ፊቱን አጨማዶ ሣሩን ያያል፣ መልሶ ያያል፣ እንደገና ያያል። ግማሽ ቀን ሙሉ ሣር አይቶ «እህ» አለ። ደሞዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

ከሰዓት ላይ ሁለቱ ተጣሉ። የተማረ ሰው ጠብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ሌላውን «ውድ ወንድሜ» ይለዋል፣ ቀጥሎ አፈር ያስግጠዋል።

«ውድ ወንድሜ፣ ጉድባውን እንዴት አታየውም? ዙሪያውን ተቆፍሯል እኮ!» አለ ባርኔጣ።

«ውድ ወንድሜ፣ እኔ የማየው ውሃ የቦረቦረው ነው። በዚህ በኩል ደግሞ ጨርሶ የለም።»

«ተሞልቶ ነዋ!»

«ሊሆን ይችላል። ሊሆን አይችልምም።»

ልብ አድርጉ፤ ሊሆን ይችላል፣ ሊሆን አይችልም። ይህን እንዲሉ ከአዲስ አበባ መኪና ተመድቦላቸው መጡ። እኔ ሽንኩርቴ ላይ ቁጭ ብዬ ይህን መናገር ያቅተኝ ነበር? በመጨረሻ ዶክተር መነጽር «ክረምቱ ሲወጣ ተመልሰን እናያለን፤ ጉድባው እውነተኛ ጉድባ ከሆነ ምሽግ ነው ልንል እንችላለን» አለና ሁለቱም ሄዱ።

ይህን ንግግር ኦቦ ደበሌ ሰምተዋል። ሰምተው ዝም አላሉም፤ መስቀል እንዳለፈ ደቦ ጠሩ።

አዎ፣ ደቦ። ጉድባውን ለማስጠረግ። ላይ ሰፈርን ብቻ ቢጠሩ ነገሩ ባልገረመኝ። ከዘራቸውን ይዘው በር በበር፣ ላይም ታችም ዞሩ። እኔ ደጅም ደረሱ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ፣ አስካለ?»

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ ኦቦ ደበሌ። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፣ ቸኩያለሁ። ነገ ጠዋት ጉድባዬን ታስጠርጊኛለሽ።»

«ኦቦ ደበሌ፣ ጉድባው ከተጠረገ እኮ መንገዱ በሜሮን ሳሎን ነው የሚያልፈው።»

«አውቃለሁ፤ ልቤ አዝኗል» አሉኝ። «ዶማ ካለሽ ይዘሽ ነይ።»

ሌላ አገር ቢሆን ሰው በሩን በላያቸው ላይ ይዘጋ ነበር። ፉሪ ግን ደቦ የተጠራ ሰው አይቀርም። ታመሃል? ተደግፈህ ትመጣለህ። ተጣልተሃል? ጀርባህን ሰጥተህ ትቆፍራለህ። ሜሮን ቤት ስትሠራ መሠረቱን ማን ቆፈረላት? የኦቦ ደበሌ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። እንዴት ብዬ ነው ታዲያ የምቀረው? ዶማዬን ሞረድኩ፣ ንፍሮ ቀቀልኩ።

ሜሮን ጠዋት ዶማ ተሸክሜ ስታየኝ በሩ ላይ ተገተረች።

«አክስቴ! የት ልትሄጂ ነው?»

«ደቦ።»

«የኔን ቤት ልታፈርሺ? በገዛ እጅሽ?»

«ቤትሽን አይደለም የምቆፍረው፤ ጉድባ ነው የምጠርገው።»

«አክስቴ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ልዩነቱማ ባልሄድ ነገ ስሞት ማን ይቀብረኛል?» አልኳት። «ይልቅ ዝም ብለሽ ያንን አካፋ አንሺና ተከተዪኝ።»

እያለቀሰች አካፋ አነሣች። ደቦ ነዋ።

መቼም እንደዚያ ቀን የሚያስቅ ቀን አላየሁም። ቤቱ የሚፈርስበት ሁሉ ከፊት ተሰልፎ ይቆፍራል። ጡረተኛው መምህር፣ የተፈጥሮ ነው ያሉት፣ ሸሚዛቸውን ሰብስበው «እዚህ ጋ ማዕዘን ያስፈልገዋል» ይላሉ። አናጢው ገመድ ወጥሮ ልኩን ይይዛል። የኦቦ ደበሌ ሚስት ጠላውን በጣሳ በጣሳ ታድላለች፤ ዘፋኙ ያወርዳል፣ እኛ እንቀበላለን። ጠላው ገባ፣ ዘፈኑ ሞቀ፣ ታች ሰፈርና ላይ ሰፈር ማን ቀድሞ ይጨርሳል ተባለና ፉክክር ተጀመረ። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልወድም። ከላይ ሰፈር የመጣች አንዲት ጎረምሳ የመሰለች ሴት «እትዬ አስካለ ደከመሽ መሰለኝ!» ብላ ተረበችኝ። ምን ይዋጥልኝ! ቀሚሴን ወደ ላይ ሸብ አድርጌ ጉድባውን ያልነበረበት ቦታ ድረስ ይዤው ሄድኩ። በዚህ በኩል ጉድባ የለም የተባለውን ቦታ እኔው ነኝ የቆፈርኩት። ታች ሰፈር አሸነፈ። እልል አልን። እልልታው ካለቀ በኋላ ቀና ብዬ ሳይ ሜሮን አካፋዋን ተደግፋ ታየኛለች።

ሲመሽ ጉድባው ሆቴል ይመስል ነበር። ጎኑ በሚስማር የተጫረ ያህል ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ የተቀረጸ፣ መውረጃ ደረጃ ሳይቀር የወጣለት። ወጥቶ የተከመረውን አሮጌ አፈር ላይ ሰፈሮች በአህያ አጋዙና ለጓሯቸው አደረጉት፤ ጎመን ይወዳል አሉ።

ባለሙያዎቹ ተመልሰው መጡ። ዶክተር ባርኔጣ ሲያየው እንባ አቀረረ። «ውድ ወንድሜ፣ አሁንስ ምን ትላለህ?» አለ። ዶክተር መነጽር በደረጃችን ወረደ፣ ጎኑን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገ፣ ወደኛ ቀና አለ።

«ይህን ማን ቆፈረው?»

«የጥንት ሰዎች» አሉ ኦቦ ደበሌ፣ ዓይናቸውን ሳያሹ።

ዶክተር መነጽር ጎንበስ አለና ከጉድባው ግርጌ ከጭቃው ውስጥ አንድ ነገር መንጭቆ አወጣ። ኮንጎ ጫማ ነው። አንድ እግር፣ አረንጓዴ ኮንጎ ጫማ።

«የጥንት ሰዎች ይህን ያደርጉ ነበር?»

«ሀብታሞቹ» አሉ ኦቦ ደበሌ።

ሰፈሩ በሣቅ ፈረሰ። ጫማው የሳቸው መሆኑን የማያውቅ አልነበረም፤ ከደቦው ቀን ጀምሮ በአንድ እግር ኮንጎ በአንድ እግር ሸራ ነበር የሚሄዱት። ዶክተር መነጽር ግን አልሣቀም። ጉድባ ዘመኑን የሚናገረው ውስጡ በሞላው አፈር ነው አለን፤ ከታች ያለው አፈር የጥንቱን፣ ከላይ ያለው የቅርቡን ይዞ ይቆያል። «መጽሐፉ አፈሩ ነበር» አለ። «ጠርጋችሁ የት አደረሳችሁት?»

ሰው ሁሉ በጎን ወደ ላይ ሰፈር ጓሮ አየ። ጎመኑ ያማረ ነበር።

እና ምን ተባለ መሰላችሁ? «ያልተረጋገጠ ቦታ።» ምሽግ ነበረ አይባልም፣ አልነበረም አይባልም፣ ከእንግዲህም አይታወቅም። ባርኔጣ ነው ይላል፣ መነጽር ማስረጃው የታለ ይላል፣ ቀያሹ ደግሞ ቀለል ባለ ቋንቋ ገላገለን፤ ያልተረጋገጠ ነገር አስፋልት አያጥፍም። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኦቦ ደበሌ ደቦ ባይጠሩ፣ ሣሩን እንደ ነበረ ቢተዉት፣ ምናልባት ባርኔጣ ያሸንፍ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። የሜሮን ቤት ተረፈ! ዞር ስል ኦቦ ደበሌን አየኋቸው። አውድማቸው ጫፍ ላይ ሄደው ቁጭ ብለዋል። ያንን ጭቃማ ኮንጎ በእጃቸው ይዘው በሣር ይጠርጋሉ። አባታቸው የወቁበት፣ እሳቸው የወቁበት መሬት ነው። እልልታዬን ዋጥኩት። ሜሮን ጉብታውን ወጥታ ጎናቸው ተቀመጠች። ምን እንዳለቻቸው አልሰማሁም። «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው ሲያመሰግኗት ብቻ ሰማሁ።

ምትክ ቦታ የሰጧቸው የት እንደሆነ ገምቱ። ታች ሰፈር፣ ሜሮን አጥር ጎን። ቤታቸውን ስናፈርስም ስንተክልም ደቦ ወጣን።

ጉብታው ተቆረጠ፣ አስፋልቱ ተዘረጋ፣ ታክሲ ጀመረ። ታክሲ ሲጀምር ፌርማታ ስም ይፈልጋል። እንግዲህ ታዘቡን። ያ «አፈር ነው» ሲል የነበረ ታች ሰፈር፣ ቤቱ መትረፉን ካረጋገጠ በኋላ፣ ምሽጉ ትዝ አለው! ጡረተኛው መምህር ልጆቹን መልሰው ሰበሰቡ። አናጢው በሩ ላይ «ግንብ እንጨት ሥራ» ብሎ ጻፈ። እኔም ብሆን እንግዳ ሲመጣብኝ «እዚህ ከኛ ቤት በላይ የንጉሥ ግንብ ነበረ» ማለት ይጣፍጠኛል፤ ከጥንት ነገሥታት ጎረቤት መሆንን ማን ይጠላል? ፌርማታውን «ግንብ» አልነው።

ኦቦ ደበሌ ብቻ እምቢ አሉ። ያ በሩን በከዘራ ሲያሳዩን የነበሩት ሰውዬ! «ምን ግንብ? ማን ያየው ግንብ? አውድማ ነው የነበረው። የደበሌ አውድማ!»

ባለፈው ቅዳሜ ከዓለም ገና ስንመለስ አንድ ሚኒባስ ውስጥ ተገናኘን። ሰፈር ስንደርስ እኔ ከኋላ «ግንብ ጋ ወራጅ አለ!» አልኩ።

«አውድማ ጋ ወራጅ አለ!» አሉ እሳቸው ከፊት።

«ግንብ!»

«አውድማ በል፣ አንተ ልጅ!»

ረዳቱ አዲስ ነው፤ ግራ ገባው። «እማማ፣ አባባ፣ አንድ ላይ ወስኑና ንገሩኝ» አለ። እስክንወስን መኪናው አልፎን ሄዶ ቁልቁለቱ መጨረሻ ጣለን። ተሳፋሪው ሁሉ ሣቀብን። እኔ የሽንኩርት ማዳበሪያ፣ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘን ዳገቱን በእግራችን ተያያዝነው።

የተቆረጠው ጉብታ አጠገብ ስንደርስ ቆም አሉ። የተቆረጠውን ጎን፣ ቀይ አፈሩን፣ ትኩር ብለው አዩት።

«አስካለ፣ እውነት ንጉሥ ነበረበት ብለሽ ታስቢያለሽ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ኦቦ ደበሌ። ነበረበት እንበል።»

«ነበረበት ከተባለ» አሉ፣ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «እሱንም አንድ ሰው አስነሥቶታል ማለት ነው። ለሱስ የት ሰጡት ምትክ ቦታ?»

«ታች ይሆናላ» አልኳቸው። «ታች ሁልጊዜ ቦታ አለ።»